ባለቤቱ ይጥረገው

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው ስታይ ሎሚ ገና ከበሩ ሆና ደስ አላላትም። ወንበር በክብ ከተደረደረ አንድ ሰው ሊያለቅስ ነው ማለት ነው፤ ይህን ከልምድ ታውቃለች። ጠረጴዛዎቹ ተገፍተው ግድግዳ ስር ተከምረዋል። ምንጣፉ ታጥቦ ሳይደርቅ የተነጠፈ ይመስል የእርጥብ ውሻ ሽታ ይሸታል። መሀል ላይ፣ ለምን እንደተለኮሰ ማንም ያልጠየቀው አንድ ሻማ በሰሃን ላይ ቆሟል።

ሎሚ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ስብሰባ ላይ ሰው መቀባጠር ሲጀምር ፊቷ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ጭምድድ ስለሚል ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ምን ታድርግ፣ መደበቅ አትችልበትም። ሥራዋ የስፖርት አሰልጣኞችን ማሰልጠን ነው፤ የእሷ ድርሻ የልጆች ጤና የሚባለው ትምህርት ነው። ልጅ ሲያዞረው፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲያብጥ፣ ሲያስመልሰው አሰልጣኙ ምን ማድረግ እንዳለበት ታስተምራለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስላይድ አሳይታለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ወጣቶቹ አሰልጣኞች ምሳቸውን በልተው ይመጡና መብራቱ ሲጠፋ ያንቀላፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ አንዴ አንኮራፍቶባት ያውቃል።

አሁን ደግሞ ስላይድ ሊቀር፣ ታሪክ ሊመጣ ነው ተባለ። የማዕከሉ ኃላፊ «ሰው የሚማረው በታሪክ ነው» የሚል ነገር የሆነ ቦታ ሰምታ አወያይ ቀጥራ አመጣች። በሁለት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ የአሰልጣኞች አሰልጣኝ ከሕይወቱ አንድ ታሪክ ያወጣል። ታሪኩ ይታሻል፣ ይወለወላል፤ የተመረጠው በካሜራ ተቀርጾ ከእንግዲህ አሰልጣኝ ለሚሆን ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርት ይሆናል።

«ቢያንስ ሻይ አለ» አላት አጠገቧ የተቀመጠው የመረብ ኳሱ ሰውዬ። መረብ ኳስ አሰልጣኞችን የሚያሠለጥነው እሱ ነው፤ ቁመቱ ከወንበሩ ተርፎ እግሮቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ሻማውን ሊረግጠው ምንም አልቀረውም።

አወያዩ ለስላሳ ሰው ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ይራመዳል። ሲናገር መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርግና እያንዳንዷን ቃል፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣታል።

«ሕጋችን ቀላል ነው» አለ። «ታሪክ ሲነገር ማንም አያቋርጥም። ማንም ‹እንዲህ አልነበረም› አይልም። ሲያልቅ ሁላችንም ተራ በተራ ‹ሰማሁ› እንላለን። ሰው የሚድነው ሲሰማ ነው።»

ሎሚ የታመመ ሰው መኖሩን አላወቀችም ነበር። ፊቷ ጭምድድ ሲል የመረብ ኳሱ ሰውዬ አይቷት በእጁ አፉን ሸፈነ።

ጥቂቶቹ ተናገሩ። አንዱ ስለተሸነፈበት ጨዋታ፣ አንዷ ስለሞተ አስተማሪዋ። ደህና ነበር፤ ሎሚም ሳታፍር «ሰማሁ» አለች። ከዚያ ጋሽ ፊሽካ ተራው ደረሰ።

ጋሽ ፊሽካን የማያውቅ የለም። ሽበታም፣ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ሠርግም ለቅሶም ቤት ፊሽካውን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል የማይሄድ ሰውዬ ነው። ወደ ማዕከሉ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ ሎሚም በአፏ አንቱ ትለዋለች። በልቧ ግን አንዴም አንቱ ብላው አታውቅም፤ ምክንያቱም ሎሚ ልጅ ሳለች የሩጫ አሰልጣኟ እሱ ነበር። ወደ ማዕከሉ በመጣ ዕለት ገና በድምፁ አወቀችው። እጇን ሲጨብጣት ያስታውሰኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ «ተዋወቅን ልጄ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ። እሷም ሰው ያረጃል፣ ይለወጣል፣ ምን ያደርጋል የቆየ ነገር መቆስቆስ ብላ ተወችው። ይኸው ሁለት ዓመት አንድ ኮሪደር ላይ ሰላም ሲባባሉ ኖሩ።

ጋሽ ፊሽካ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ክር ነበር የምላት» አለ። «ቀጭን ነበረቻ! ንፋስ የሚወስዳት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው።»

ሎሚ ቀና አለች፤ ክር ይላት የነበረው እሷን ነው።

«ውድድሩ ደርሷል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ዙር እቆጥራለሁ። ድንገት የመሮጫው መም መሀል ላይ ቆመችና ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስመለሳት። ሌላ ልጅ ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እናቱን ይጠራል። ክር ምን አደረገች? ማንም ሳያዛት፣ ማንም!» ጣቱን አነሳ። «ማልያዋን አወለቀች፤ መሙን በማልያዋ ጠረገች፤ ያንኑ ማልያ መልሳ ለበሰችና ሩጫዋን ቀጠለች። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ጽናት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። በውድድሩ ሜዳሊያ አገኘች። ሜዳሊያውን አምጥታ እኔ አንገት ላይ አጠለቀችውና ‹ጋሼ፣ ሰው ያደረግኸኝ አንተ ነህ› አለችኝ።»

ድምፁ ተቆረጠ። ኃላፊዋ መሀረብ ፈለገች። ከወዲያ አንድ ሰው አፍንጫውን ሳበ። አወያዩ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እየነቀነቀ ነበር፤ ጣፋጭ ነገር አፉ ውስጥ የያዘ ነው የሚመስለው።

«ሰማሁ» አለ። «ሰማሁ» አሉ ሁሉም በየተራ። የሎሚ ተራ ደረሰ። አፏን ብትከፍት የጠዋቱ ሻይ ይወጣል እንጂ ቃል አይወጣም። የመረብ ኳሱ ሰውዬ በክርኑ ነካ አደረጋት፤ ራሷን ነቀነቀችና ታለፈች።

በእረፍቱ ሰዓት ሰው ሁሉ ጋሽ ፊሽካን ከቦ ትከሻውን ይመታል። እሱ ብስኩት እየነከረ ይበላል። እርጥብ ብስኩት ጢሙ ላይ ተለጥፎ «ኧረ ተዉኝ፣ ምን አደረግሁ፣ ልጅቷ ናት እንጂ» ይላል። ሎሚ ብስኩቱን እያየች ግድግዳ ተደገፈች። ሰውዬው ቢዋሽ ግድ አልነበራትም፤ ዋሾ ሞልቷል። ያንገፈገፋት ግን እንባው የእውነት መሆኑ ነው። በራሱ ውሸት አንጀቱ ተላውሶ የእውነት እያለቀሰ ነው! የሚመረጠው ታሪክም ይሄ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። ነገ ወጣት አሰልጣኝ ሁሉ ይህን ሰምቶ ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ልጆች አሉ።

* * *

ቤት ስትገባ እናቷ የደረቀ ልብስ አልጋው ላይ ከምራ ታጥፋለች። እናትየው ከሎሚና ከሎሚ ባል ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ልብስ ማጠፍ የእሷ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ካጠፈው ዘርግታ እንደገና ታጥፈዋለች።

«ምነው ፊትሽ? አሞሻል?»

«ያ ሰውዬ ዛሬ ታሪክ አወራ» አለች ሎሚ ቦርሳዋን ሳትጥል።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ፊሽካው። የማልያዋን ቀን።»

እናትየው የያዘችው ካልሲ እጇ ላይ ቀረ። «እኮ ምን አለ?»

«ማንም ሳያዛት አለ። በራሷ ፈቃድ ጠረገች አለ። ሜዳሊያ አጠለቀችልኝ አለ። ሰው አለቀሰ፣ እማዬ! ኃላፊያችን አለቀሰች!»

«ውሸታም! ዓይኑን በጨው ያጠበ!» እናትየው ካልሲውን ወረወረችው። «ያን ማልያ እኮ ስንቴ ነው ያጠብኩት፤ ሽታው አልለቅ ብሎኝ በመጨረሻ ጣልኩት። የምን ሜዳሊያ? አልጋ ላይ ሰንብተሽ ተነሳሽ፣ ሜዳ የሚባል ሁለተኛ አላየሽም። ምነው ግን ያኔ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ?»

«የዛኑ ቀን። ‹አሰልጣኝ እንደ አባት ነው፣ ቻይው› አልሽኝ።»

እናትየው ከክምሩ ሱሪ አነሳች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። ሎሚም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ካልሲውን ከወለሉ አንስታ ጥንዱን ትፈልግለት ጀመር።

«ታዲያ ነገ ምን ልትያቸው ነው?» አለች እናትየው በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል።

«ማንም አያቋርጥም ተብሏል። ‹እንዲህ አልነበረም› ማለት አይቻልም።»

«የምን አይቻልም? ይሄ የትኛው ሕግ ነው? ሂጂና ንገሪያቸው። ያኔ እኔ ያላልኩትን ነገ አንቺ በይ።»

* * *

በማግስቱ አወያዩ መሀል ላይ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጦ ጠበቃቸው። ሻማው ተቀይሯል፤ ምንጣፉ እንደሸተተ ነው።

«ዛሬ አንዱን ታሪክ ከሌላ ወንበር እንሰማዋለን» አለ። «ትናንት ልባችንን የነካው የክር ታሪክ ነው። ጋሼ እዚህ ይቀመጣሉ። እዚህኛው ወንበር ላይ ደግሞ አንድ ሰው ክርን ሆኖ ይቀመጣል። ‹እኔ› እያለ ነው የሚናገረው። ታሪክን ከሌላው ወንበር ማየት የሚችል አሰልጣኝ ልጆቹን ማየት ይችላል። ማን ነው ፈቃደኛ?»

«ሎሚ ትቀመጥ!» አለ የመረብ ኳሱ ሰውዬ፣ ምንም ሳያስብ፣ እንደ ልማዱ ሰውን ለማሳቅ። «ስለ ማስመለስ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ስላይድ ስንት ዓመት አሳይታናለች!»

ሳቁ ገና ሳያበቃ ሎሚ ተነስታ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ፊሽካ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ፈገግ አለላትና «አይዞሽ ልጄ፣ እንደመጣልሽ» አላት። ጠዋት ጠዋት የሚመጥጠው የጉሮሮ ከረሜላ ትንፋሹ ላይ አለ። ያኔም ይመጥጠው ነበር።

«ክር እባላለሁ» አለች ሎሚ። «ስሜ ሌላ ነው፤ እሱ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያተኩሰኛል። ‹ጋሼ፣ አሞኛል› ብዬው ነበር። ‹ስንፍና ነው፣ በላብ ይወጣል› አለኝ። መሙ ላይ አስመለሰኝ። ጫማዬ ላይ፣ እግሬ ላይ፣ መስመሩ ላይ። ሁሉም ሩጫቸውን አቆሙ። ወንዶቹም ነበሩ። እሱ ፊሽካውን ነፋና መጣ። ‹የማን ነው ይሄ?› አለ። የማን እንደሆነ እያየ ነው የሚጠይቀው። ‹የኔ ነው› አልኩ። ‹ባለቤቱ ይጥረገው› አለ። ጨርቅ የለኝም አልኩት። በፊሽካው ማልያዬን አመለከተኝ። ከውስጥ የለበስኩት ስስ ካናቴራ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ወንዶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ተንበርክኬ ጠረግሁ። መሙ ግለቱ እጅ ያቃጥላል፤ ትውከቱ እየደረቀ ነበር፣ አልለቅ ይላል። ስጨርስ ‹ልበሺው› አለኝ። ለበስኩት። እርጥብ ነው፤ ሆዴ ላይ ተለጠፈ። ‹ሩጪ› አለኝ። ሮጥኩ። ሜዳሊያ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ሮጬ አላውቅም።»

የመረብ ኳሱ ሰውዬ እግሮቹን ሰብስቧል። ሎሚ ጋሽ ፊሽካን አየችው፤ ይኸው አሁን፣ አሁን ፊቱ ይለዋወጣል፣ አሁን ያውቀኛል አለች በልቧ። የሰውዬው ዓይኖች እንባ ሞልተዋል።

«ሰማሁ» አለ ጋሽ ፊሽካ። ቀጥሎም «እንዴት አድርገሽ ሆንሻት!» አላት፤ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገ። «ምን ዓይነት ተሰጥኦ ነው? ትንሽ አክብደሽዋል፤ ግን ክርን ራሷን አየኋት እኮ!»

«ሰማሁ» አለች ኃላፊዋ። «ሰማሁ፣» «ሰማሁ፣» «ሰማሁ።» አወያዩ መዳፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ «እንዴት ያለ ምናብ ነው!» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። መጨረሻው ጨለመ። ሰሚው ተስፋ ይዞ መውጣት አለበት። እስቲ ከወንበሩ ሳትነሺ ለአሰልጣኝሽ የይቅርታ ቃል በይው።»

ሎሚ ከወንበሩ ተነሳች።

«ምናብ አይደለም» አለች። «ክር እኔ ነኝ።»

«በጣም ጥሩ፣ እዚያው ውስጥ ቆዪ…» አለ አወያዩ።

«የትም ውስጥ አይደለሁም! እኔ ነኝ። እኔ ራሴ። እኚህ ሰውዬ አሰልጣኜ ነበሩ።»

ጋሽ ፊሽካ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከመነጽሯ ጀምሮ እስከ ወፍራም ጉልበቷ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መነጽሯ። «ክር እኮ ቀጭን ነበረች» አለ፤ አንድ ሰው አምልጦት ሳቀ። ከዚያ የሰውዬው ፊት ቀስ እያለ በራ። ሎሚ እስከ ዛሬ ካየችው ነገር ሁሉ የሚቀፈው ያ ብርሃን ነበር።

«ክር!» ብሎ ተነሳ። «ክርዬ! እግዜር ያሳይሽ እንግዲህ! ያቺ ኮሳሳ ልጅ ዛሬ የአሰልጣኞች አሰልጣኝ! አላልኳችሁም? አላልኳችሁም ጽናት ምን እንደሚያደርግ?» ብሎ በሁለት ክንዱ አቀፋት። ሁሉም አጨበጨበ። ፊሽካው ጉንጯ ላይ ተጫነ፤ የከረሜላው ሽታ፣ የላቡ ሽታ፣ የምንጣፉ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ከጀርባው አወያዩ ለኃላፊዋ «ይሄ ነው መጨረሻው! ይሄው ተገኘ!» ሲል ሰማችው።

ገፍታው ወጣች። መጸዳጃ ቤት ደረሰች እንጂ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ሆዷ ባዶ እስኪሆን አስመለሳት። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ የመረብ ኳሱ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል።

«ሎሚ… እውነት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ምነው አልጮህሽም?»

«ጮህኩ እኮ» አለችው። «‹ሰማሁ› አላችሁኝ።»

ሰውዬው ጫማውን አየ። ውሃ ላምጣልሽ ብሎ ሄደና ሻይ ይዞ ተመለሰ፤ ውሃው አልቆ ነበር።

* * *

ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ አሰልጣኞች መጡ። ታሪኩ ከመቀረጹ በፊት በእነሱ ላይ ሊሞከር ነው። በአዳዲስ ቱታ አዳራሹን ሞሉት፤ የሁሉም ዓይን ያበራል። ሎሚ በስላይዷ ስታስተምር እንዲህ ያለ ዓይን አይታ አታውቅም። ወደ ቤቷ ልትሄድ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። ግን እኔ ከወጣሁ እዚህ ውስጥ ማን ቀረ ብላ፣ በር አጠገብ ቆመች።

አንድ ካሜራ የያዘ ልጅ ሙከራውንም ሊቀርጽ ጥግ ላይ ቆሟል። ጋሽ ፊሽካ መሀል ገብቶ ጀመረ። አቤት አነጋገሩ! ፀሐዩን ሲያወራ ፀሐዩ ይሰማል፤ ዙሩን ሲቆጥር የሰው ትንፋሽ ይቆማል። የጠዋቱ የሎሚ ታሪክ ምን እንደጠቀመው ታየ፦ «ያተኩሳት ነበር» የምትለዋን ጨመረበት፣ ጽናቱ እንዲያምር። «ማንም ሳያዛት» የምትለዋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሜዳሊያውን ከታሪኩ አውልቆ ጣለውና አዲሱን መጨረሻ አመጣ።

«ያቺ ልጅ ዛሬ የት ናት ትሉኛላችሁ? እዚህ ናት! ይቺውላችሁ! ክርዬ፣ ነይ ወደ መሀል!»

ጭብጨባው ጣራ ነካ። ሎሚ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«እስቲ» አለ አወያዩ በካልሲው ወደ ክቡ እየገባ፣ «ከዚህ ታሪክ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?»

ፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። የታዳጊ ሴቶች ሩጫ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ ብሎ ጀመረ። ደህና፣ ጨዋ፣ ጆሮው የተለቀ ልጅ ነው።

«እኔ የያዝኩት» አለ፣ «እኔ ጋ ልጆቹ ትንሽ ሲያስመልሳቸው አስቀምጣቸዋለሁ። ስህተት እንደሆነ ገባኝ። ከአሁን በኋላ በማልያቸው አስጠርጌ አስቀጥላቸዋለሁ። ይኸው» ወደ ሎሚ አመለከተ፣ «እሳቸውም ለዚህ ደርሰዋል።»

ብዙዎቹ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ፊሽካ «እ…» ብሎ ፊሽካውን ያዘ።

ሎሚ ቦርሳዋን በሩ ስር ጣለችና ወደ መሀል ገባች።

«የማን ነው ይሄ?» አለች።

በጣቷ ጆሮው የተለቀውን ልጅ አመለከተች።

«ይሄ ልጅ አሁን ያለው ነገር የማን ነው? ከኔ ስላይድ አልተማረውም። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ ሲያስመልሰው አስቁሙት ነው ያልኩት። የማን ነው?» ወደ ጋሽ ፊሽካ ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፏም አንተ አለችው። «ያንተ ነው። ባለቤቱ ይጥረገው።»

ጋሽ ፊሽካ ወጣቶቹን አየ፤ ወጣቶቹም እሱን። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ልጆች» አለ። «ያው እንግዲህ… እንደ ሁኔታው ነው።»

እንደ ሁኔታው! ሎሚ ይህን ስትሰማ የቀረ ነገር እንደሌላት ተሰማት፤ ሆዷ ውስጥም፣ አፏ ውስጥም። ጮሃ ነበር፣ ተናግራ ነበር፣ ጠይቃ ነበር። ጭቃ ውስጥ የተወረወረ ድንጋይ እንኳን ድምፅ አለው።

ያ ጆሮው የተለቀ ልጅ ግን እጁን አላወረደም ነበር። ጋሽ ፊሽካን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«እርስዎ ያኔ» አለ፣ «ምን እንዲያደርግልዎት ነበር የሚፈልጉት?»

በሁለት ቀን ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በሁለት ቀን ብቻ አይደለም፤ ጨርሶ ማንም ጠይቋት አያውቅም። መልሱ ስላይዱ ላይ አለ፦ ልምምዱን አቁም፣ ጥላ ስር አስቀምጥ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ሙቀቱን ለካ። ልትለው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ፀጉሬን እንዲይዝልኝ» አለች። «ረጅም ነበር። ፊቴ ላይ እየወደቀ ትውከቱ ውስጥ ይገባ ነበር። ወደ ኋላ ቢይዝልኝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ማንም «ሰማሁ» አላለም። አንዲት ወጣት አሰልጣኝ ሳታውቀው የራሷን ፀጉር በእጇ ሰበሰበች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አወያዩ፣ በዚያችው ለስላሳ ድምፁ፣ ወደ ጥጉ ዞሮ «ይዘኸዋል?» ሲል ተሰማ።

«አጥፋው» አለ ጋሽ ፊሽካ።

ካሜራ የያዘው ልጅ አወያዩን አየ።

«አጥፋው ብዬሃለሁ! ከዚህ የሚቀረጽ ነገር የለም!» ጋሽ ፊሽካ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ሁለት ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁልቁል አያቸው። ካሜራውን ያስጠፋው ለእሷ ብሎ ይሁን ለራሱ ስም ፈርቶ፣ ሎሚ አላወቀችም። ማወቅም አልፈለገችም። ስለ እሱ ማሰብ ራሱ እጅ የሚያስታጥብ ሥራ ሆኖባታል።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ኮሪደሩ በፀሐይ ሞቋል፤ የምንጣፉ ሽታ እዚህ የለም። ደረጃው ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች። ያ ወጣት ነው፤ እያለከለከ ቆመ።

«ይቅርታ» አላት። «ወንድ ልጅ ከሆነስ? ፀጉሩ አጭር ከሆነ?»

ሎሚ ልጁን አየችው። ለቀልድ አይደለም የሚጠይቃት፤ ከምሩ ነው።

«ግንባሩን ያዝለት» አለችው።